የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተሮችን በንጽሕናና በቁልፍ ስለ መጠበቅ

ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮች፣ ለጽሕፈት ቤት ሠራተኞችና ለአገልጋይ ካህናት በተዘጋጀ የምክክር መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ እንድናቀርብ የተሰጠን ርእስ ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ አነስተኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለ ውኃ ጉድጓድ፣ ስለ ችግኝ ጣቢያና ስለ ገቢ ማስገኛ ሕንፃ በሚመከርበት መድረክ የሦስትና የአራት ኮምፒውተሮች አያያዝ ለምን ጊዜ ይወስዳል የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ እናስብ ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን በአንድ ጽሕፈት ቤት የደረሰው ነገር ስለሆነ ከእርሱ እንጀምራለን።

ጽሕፈት ቤቱ ከዋናው መንገድ ርቆ የሚገኝ፣ አራት ኮምፒውተሮችና አንድ ፕሪንተር ያሉት ነው። አራቱም በአንድ አነስተኛ ስዊች ተያይዘው በጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ያለውን አንድ የጋራ ፎልደር ይጠቀማሉ። በዚያ ዓመት በልጉ በመቅረቱ ለመኸሩ እርሻ ዘር የሚሰጣቸው ቤተሰቦች በየቀበሌው ሲመዘገቡ ቆይተው፣ ስማቸው፣ የመሬታቸው ስፋትና የቤተሰባቸው ቁጥር በዚያ ፎልደር ውስጥ ተጠናቅሮ ነበር። መዝጋቢዎች ከአንድ ወር በላይ በእግራቸው ዞረው የሰበሰቡት ሥራ ነው። ዘሩ ተጭኖ ሊመጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ጸሐፊዋ ጠዋት ገብታ ኮምፒውተሯን ስትከፍት የፋይሎቹ ስም ሁሉ ተለውጦ፣ አንዱም አልከፈት ብሎ፣ በስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ ገንዘብ ክፈሉ የሚል ጽሑፍ ተዘርግቶ ጠበቃት።

ወደ ስፍራው ሄደን ስንመረምር ምክንያቱን ረቂቅ ሆኖ አላገኘነውም። ከጥቂት ቀናት በፊት አንድ ሠራተኛ ሥራ በቀዘቀዘበት ሰዓት ከወዳጁ ፍላሽ ላይ የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ገልብጦ ጭኖ ነበር። ኮምፒውተሩም አልከለከለውም፤ ሁሉም የሚገቡበት አካውንት ሙሉ ሥልጣን ያለው፣ የይለፍ ቃልም የሌለው ነበርና። የጋራው ፎልደር ደግሞ ከአራቱም ኮምፒውተሮች ማንም እንዲጽፍበትና እንዲሰርዝበት ክፍት ሆኖ ስለተተወ፣ በአንዱ የገባው ጥፋት ወደ ሌላው ለመሻገር በር ማንኳኳት አላስፈለገውም። መጠባበቂያ ቅጂ አልነበረም እንዳንል ነበር። ነገር ግን ቅጂው የተቀመጠበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከጸሐፊዋ ኮምፒውተር ጋር እንደተሰካ የሚውልና የሚያድር ስለነበረ እርሱም አብሮ ጠፋ።

መዝጋቢዎቹ ከያዟቸው የደብተር ቅጠሎች የተገኙት ተገኝተው፣ ያልተገኙት እንደ አዲስ ተመዘገቡ። ዝናቡ ግን አልጠበቀም። ስማቸው ከደብተር ያልተገኘ እናቶች ያንኑ ረጅም መንገድ ሁለተኛ ጊዜ ተጉዘው መጡ፤ ከእነርሱም መካከል ዘሩ ሲደርሳቸው የመዝሪያው ጊዜ ያለፈባቸው ነበሩ። አንዲት እናት «ስሜን ማን ሰረቀው?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። እነዚያን አራት ኮምፒውተሮች ገጣጥመን፣ ፕሮግራም ጭነን፣ ክፍት አድርገን ያስረከብናቸው እኛው ነበርን።

እንዲህ ባሉ ጽሕፈት ቤቶች ኮምፒውተሮች የሚያያዙበት መንገድ ወርክግሩፕ ይባላል። በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሰርቨር የሚባል አንድ ዋና ኮምፒውተር ኖሮ፣ ማን ገብቶ ምን ማድረግ እንደሚችል ከአንድ ቦታ ያዝዛል። በወርክግሩፕ ግን አዛዥ የለም። ኮምፒውተሮቹ በአንድ ግቢ እንደሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ በርና የራሱ ቁልፍ አለው፤ አካውንቱም የይለፍ ቃሉም በየኮምፒውተሩ ለየብቻ ይመዘገባል። ስለዚህ በአራቱ ላይ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ አራት ጊዜ ካልተደረገ አልተደረገም። ሦስቱ ተቆልፈው አንዱ ከተከፈተ ግቢው ክፍት ነው። ደግነቱ ሥራው ብዙ አይደለም፤ ለአራት ኮምፒውተሮች አንድ ወይም ሁለት የሥራ ቀን ይበቃል፣ ሰርቨር መግዛትም አያስፈልግም።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ሥልጣን እንናገር። በኮምፒውተር ቋንቋ አድሚኒስትሬተር የሚባለው አካውንት ማንኛውንም ፕሮግራም ለመጫን፣ ለማጥፋትና የሌሎችን አካውንት ለመለወጥ ይችላል። ስታንዳርድ የሚባለው ደግሞ የዕለት ሥራን፣ ማለትም መጻፍን፣ ማስላትን፣ ማተምን፣ ኢሜይል መላክን ሁሉ ይሠራል፤ ኮምፒውተሩን ራሱን ግን መለወጥ አይችልም። አንድ ፕሮግራም ሲከፈት የሚኖረው ሥልጣን የከፈተው ሰው ሥልጣን ነው። የቪዲዮ ማጫወቻው በስታንዳርድ አካውንት ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩ የአድሚኒስትሬተሩን የይለፍ ቃል ይጠይቅ ነበር፤ ያ ሠራተኛም የይለፍ ቃሉን ስለማያውቅ ነገሩ በዚያው በቆመ ነበር። ይህ ከሁሉም ጥፋት ያድናል አንልም። ሠራተኛው ራሱ ሊጽፍባቸው የሚችላቸውን ሰነዶች ያለ ምንም ጭነት የሚያጠፉ ፕሮግራሞች አሉ። ቢሆንም በየጽሕፈት ቤቱ ከምናያቸው ጥፋቶች የሚበዙት የሚገቡት በዚህ ያልተዘጋ በር ነው።

አድሚኒስትሬተር የሚለው ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ አስተዳዳሪ ማለት ነው፤ ይህም ችግር አምጥቶብን ያውቃል። በአንድ ደብር ኮምፒውተሮችን አስተካክለን ስንጨርስ የደብሩ አስተዳዳሪ የሆኑት አባት አስጠርተውን «አስተዳዳሪው እኔ ሆኜ ሳለሁ የአስተዳዳሪውን ቁልፍ ነሥታችሁ ከተርታው ተጠቃሚ ደመራችሁኝ አሉ፤ እውነት ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው ተገቢ ነበር። «አባታችን፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ዕለት ዕለት በኪስዎ ይዘው ይወጣሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ቁልፉማ በዕቃ ቤት ጠባቂው እጅ ነው፤ እኔም ብሆን ያለ እርሱ አልገባም» አሉ፤ ወዲያው ነገሩ ገባቸውና ሣቁ። በዚያ ደብር እስከ ዛሬ ድረስ ስታንዳርድ አካውንት የሚጠቀሙት ቀዳሚው ሰው እርሳቸው ናቸው። አለቃው የተቀበለውን ሥርዓት ጸሐፊው አልቀበልም ሊል አይችልምና ይህ ብዙ ድካም አቀለለልን።

ሠራተኞችም «አልታመንም ወይ?» ብለው ቅር የሚሰኙበት ጊዜ አለ። ሙዳየ ምጽዋት በአንድ ሰው ብቻ የማይከፈተው ካህኑ ወይም ገንዘብ ያዡ ስለማይታመን አይደለም፤ አንዳች ጉድለት ቢገኝ ማንም ያለ ጥፋቱ እንዳይጠረጠር ነው። የአድሚኒስትሬተሩን የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፈን፣ በፖስታ አሽገን፣ በፖስታው መታጠፊያ ላይ ሦስት ሰዎች ፈርመው በገንዘብ ካዝናው ውስጥ እንዲቀመጥ የምናደርገውም በዚሁ አግባብ ነው። ፖስታው ሲከፈት ቀኑና ምክንያቱ በመዝገብ ይሰፍራል፤ ሥራው ሲያልቅ ቃሉ ተለውጦ አዲስ ፖስታ ይታሸጋል። ከቴክኒክ ሠራተኛ ጭንቅላት በቀር የትም ያልተጻፈ የይለፍ ቃል ደግሞ ከክፍት በር የማይሻል አደጋ ነው። ሠራተኛው ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ወይም ሲታመም ጽሕፈት ቤቱ በገዛ ዕቃው ላይ እንግዳ ይሆናል።

በዚህ ላይ አንድ የሚያጋጥም መሰናክል አለ። አንዳንድ የቆዩ የሒሳብ ፕሮግራሞች በስታንዳርድ አካውንት ሲከፈቱ ያጉረመርማሉ፣ ወይም ጨርሶ አይሠሩም። የሒሳብ ሹሙም ሥራው እንዳይቆም የአድሚኒስትሬተር ሥልጣን ይሰጠኝ ይላል። መፍትሔው ሥልጣኑን መስጠት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ የሚፈልገው መረጃውን በሚያስቀምጥበት ፎልደር ላይ መጻፍን ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ፎልደር ላይ ብቻ ለሒሳብ ሹሙ ፈቃድ መስጠት ይበቃል።

ወደ ፍላሽ እንለፍ። በገጠር ያለ ጽሕፈት ቤት ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው ከኢንተርኔት ይልቅ በፍላሽ ነው። ሪፖርቱ ወደ ወረዳ ቤተ ክህነትና ወደ ሀገረ ስብከት የሚሄደው፣ የበዓሉ ጥሪ ወረቀት ወደ ማተሚያ ሱቅ የሚወሰደው በፍላሽ ነው። ከማተሚያ ሱቁ ሲመለስ ባዶውን አይመለስም። ሁላችሁም የምታውቁት ሾርትከት ቫይረስ የሚባለው በዚህ መንገድ ይመጣል፤ ፍላሹ ሲሰካ ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ቀስት ያለባቸው ምስሎች ይታያሉ። ብዙ ሰው ይደነግጥና ፍላሹን ፎርማት ያደርገዋል። ይህን አታድርጉ፤ ሰነዶቹ በአብዛኛው ተደብቀዋል እንጂ አልጠፉም። ቀስት ያለበትን ምስል ሳትነኩ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ ብታበሩ፣ የሲስተም ፋይሎችን የሚሸሽገውንም ምርጫ ብታነሡ ታገኟቸዋላችሁ። ጥፋቱን የሚያስነሣው ቀስቱን መጫን ነው። ከዊንዶውስ 7 ወዲህ ኮምፒውተሩ ፍላሽ ስለተሰካ ብቻ በውስጡ ያለውን ፕሮግራም በራሱ አያስነሣም፤ የሰው እጅ ያስፈልገዋል፤ ቫይረሱም ያንን እጅ ለማታለል የተሠራ ነው።

እኛ የምንከተለው ሥርዓት እንዲህ ነው። ከአራቱ ኮምፒውተሮች አንዱ እንደ ግቢ በር ይቆጠራል። ከውጭ የመጣ ፍላሽ የሚሰካው በእርሱ ላይ ብቻ ነው፤ በዚያው ተፈትሾ ሰነዱ ወደ ጋራው ፎልደር ይገባል። በቀሩት ሦስቱ ላይ ፍላሽ እንዳይነበብ ይዘጋል፤ ኪቦርድና ማውስ ግን እንደ ወትሮው ይሠራሉ። በር የሚሆነው የሒሳብ ኮምፒውተር መሆን የለበትም። ለመፈተሻም ፀረ ቫይረስ መግዛት ግዴታ አይደለም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዲፌንደር የሚባለው ፀረ ቫይረስ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ኢንተርኔት በሌለበትም ቦታ አዲሱን የቫይረስ ዝርዝር በአንድ ፋይል ከከተማ አውርዶ በፍላሽ መውሰድ ይቻላል። ሁለት ፀረ ቫይረስ በአንድ ኮምፒውተር ላይ መጫን ግን ጥበቃን አያጠነክርም፤ እርስ በርሳቸው እየተጠባበቁ ኮምፒውተሩን ያንቀራፍፉታል።

ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ ፕሮግራሞችም የዚሁ ዘመድ ናቸው። በጽሕፈት ቤቶቻችን ብዙ ጊዜ የምናገኘው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ሳይሆን፣ ቁልፉን ከሚሰብር ሌላ ፕሮግራም ጋር የተገለበጠ ነው። ቁልፍ ሰባሪው ፕሮግራም በአድሚኒስትሬተር ሥልጣን ካልተከፈተ አይሠራም፤ ፀረ ቫይረሱም መጥፋት አለበት ይላል። ሌባ በሩን ክፈቱልኝ፣ ውሻውንም እሰሩልኝ ሲል ሰምተን እሺ ማለት ነው። የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ የሚደረገው ለማያስፈልግ ነገር መሆኑ ነው። የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የአማርኛ ኪቦርድና የግእዝ ፊደል ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይገኛል። አዲሱን ኪቦርድ ለመልመድ ጥቂት ቀናት ይፈጃል፤ የለመደ ጣት ያምፃል፤ ይህን አንክድም። ቀድሞ በሌላ መለያ የተጻፉ የቃለ ጉባኤ ሰነዶችም ወደ ዩኒኮድ እስኪገለበጡ ድረስ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆነው ስለሚታዩ ቀስ በቀስ መቀየር ይኖርባቸዋል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ለክረምት ወራት ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ቢሰጥ ግን መልካም ነው።

ስለ አፕዴት ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ቅሬታ የኢንተርኔት ጥቅላችንን ይበላል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ይበላል። ነገር ግን ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የጀመረውን ዋናክራይ የተባለ ጥቃት እናስታውስ። በ150 አገሮች ገደማ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ሲያጠቃ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሕሙማንን እስከ መመለስ ደርሰው ነበር። ማይክሮሶፍት ያንን ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው ግን መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፤ ሁለት ወር ገደማ አስቀድሞ ማለት ነው። ይህን ጥቃት ለእኛ ዓይነት ጽሕፈት ቤት አስፈሪ የሚያደርገው የተስፋፋበት መንገድ ነው። ኮምፒውተሮች ፎልደር በሚጋሩበት በዚያው አሠራር አሮጌ ቅጂ በኩል፣ የማንንም እጅ ሳይጠብቅ ከአንዱ ወደ ሌላው በራሱ ይተላለፍ ነበር። ስለዚህ ያ አሮጌ የፎልደር መጋሪያ ቅጂ በኮምፒውተሮቻችሁ ላይ እንዲዘጋ አድርጉ። የኢንተርኔቱን ወጪ ለመቀነስ ደግሞ በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ አንድ ኮምፒውተር ያወረደውን አፕዴት በዚያው ኔትወርክ ላሉት የሚያካፍልበት ምርጫ አለ፤ እርሱን አብሩት።

ዊንዶውስ 7 ከጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ወዲህ፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ መደበኛ ነፃ አፕዴታቸው ቆሟል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት መሣሪያ የሌላቸውን ኮምፒውተሮች ስለማይቀበል፣ በየደብሩ ካሉት ብዙዎቹ ከዚህ መስፈርት በታች ይሆናሉ። በውጭ አገር የሚኖሩ ምእመናን ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን በበጎ ፈቃድ ሲልኩልን እናመሰግናለን፤ ነገር ግን ስጦታው ከመጫኑ በፊት ይህን አንድ ጥያቄ ብትጠይቋቸው የመጓጓዣና የጉምሩክ ወጪው በከንቱ አይወጣም። አሮጌዎቹን መጣልም ግድ አይደለም። ለመጻፊያ ብቻ የሚያገለግለው ላይ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ መጫን ይቻላል፤ እንደ ፒችትሪ ያለ ለዊንዶውስ የተሠራ የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራበት ግን እዚያ ስለማይሄድ፣ ገንዘብ ሲገኝ አስቀድሞ ሊለወጥ የሚገባው የሒሳብ ኮምፒውተሩ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መቆለፍ ነው። ንጹሕ ሁኔታ የምንለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ኮምፒውተር ምን ምን እንደተጫነበት፣ ማን እንደሚገባበት በጽሑፍ የታወቀበት፣ ቢበላሽም ወደዚያው ሊመለስ የሚችልበት ሁኔታ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ወንበር ሲገዛ እንኳ በሞዴል 19 ገቢ ያደርጋል፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባውን ፕሮግራም ግን ማንም አይመዘግብም። እኛ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድ ሉክ ደብተር እንመድባለን። ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ፣ ሠራተኛው ገና አንድ ቀን ሳይሠራበት፣ የሃርድ ዲስኩን ሙሉ ግልባጭ ክሎንዚላ በተባለ ነፃ ፕሮግራም በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ እናስቀምጣለን። ኮምፒውተሩ በተበላሸ ጊዜ ያንን ግልባጭ መመለስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው፤ እንደ አዲስ ፎርማት አድርጎ ፕሪንተሩንና የሒሳብ ፕሮግራሙን አንድ በአንድ መጫን ግን ቀናት ይወስዳል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባው ነገር አለ። ግልባጩ ሲመለስ ከዚያ በኋላ በዚያው ክፍል የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩ ለሁለት ይከፈላል፤ ሲ የሚባለው ለዊንዶውሱ፣ ዲ የሚባለው ለሰነዶች። ሰው ግን ሰነዱን የሚያስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ ዴስክቶፕም ያለው በሲ ውስጥ ነው። «ዴስክቶፕ ላይ አታስቀምጡ» የሚል ማስታወቂያ ብዙ ለጥፈናል፤ አልሠራም። አሁን የምናደርገው የዴስክቶፑንና የሰነዶችን ፎልደር ራሱን ወደ ዲ ማዛወር ነው፤ ሰዎቹ ልማዳቸውን ሳይለውጡ ሰነዳቸው ይድናል።

ኮምፒውተሩ በጠፋና በተነሣ ቁጥር ወደ ንጹሕ ሁኔታው በራሱ እንዲመለስ የሚያደርጉ ፕሮግራሞችም አሉ። ማይክሮሶፍት ስቴዲስቴት የሚባል ነፃ ፕሮግራም ለዊንዶውስ ኤክስፒና ቪስታ ይሰጥ ነበር፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ተቋረጠ። ዛሬ በዚህ ሥራ የታወቀው በክፍያ የሚገኘው ዲፕ ፍሪዝ ነው። ብዙ ወጣቶች ለሚማሩበት የሥልጠና ክፍል ይህን እንመክራለን፤ ለሒሳብና ለጸሐፊ ኮምፒውተር ግን አንመክርም። በአንድ የሥልጠና ክፍል ይህን አድርገን ለመምህሩ ብቻ ነግረን ሄድን። አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ ግማሽ ቀን ሙሉ የጻፈችው የመዝሙር ጥራዝ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አብሮ ጠፋ። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ፈጸመ፤ ያጠፋነው እኛ ነን። ከዚያ ወዲህ በእንዲህ ያለ ኮምፒውተር ግንባር ላይ «ይህ ኮምፒውተር ሲጠፋ ሁሉን ይረሳል፤ ሥራዎን ዲ ላይ ያስቀምጡ» የሚል ወረቀት ሳንለጥፍ ከክፍሉ አንወጣም፤ ዲም ከመርሳቱ ውጭ እንዲሆን አስተካክለን ነው።

የጋራው ፎልደር ደግሞ ለሁሉም ወለል ብሎ መከፈት የለበትም። የሒሳብ ፎልደር ላይ የሚጽፈው ሒሳብ ሹሙ ነው፤ የሚያነብብ ያንብብ፣ መጻፍ ግን ለምን? የሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ፣ የጥምቀትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቶች፣ የተረጂዎች ስም ዝርዝር እያንዳንዳቸው ማን እንደሚያነብባቸውና ማን እንደሚጽፍባቸው ተለይቶ ይወሰን። ይህን የሚወስነው የኮምፒውተር ባለሙያ ሳይሆን ሰበካ ጉባኤው ነው፤ ባለሙያው የተወሰነውን ያስፈጽማል። የምእመናን የግል መረጃ በእጃችን እስካለ ድረስ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም እንደሚመለከተን አንዘንጋ።

መጠባበቂያ ቅጂን በተመለከተ ሁለት ሃርድ ዲስኮች ይኑሯችሁ። አንዱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተሰክቶ ቅጂው ሲያልቅ ይነቀላል፤ ወደ ዕቃ ቤት ወይም ወደ ካዝና ይገባል። በሚቀጥለው ዓርብ ሁለተኛው ተራውን ይይዛል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከኮምፒውተር ጋር አይገናኙም፤ ሁለቱም በአንድ ክፍል አያድሩም፤ እሳትም ሌባም ክፍል ለይቶ አይመጣምና። በሦስት ወር አንድ ጊዜ ከቅጂው ላይ አንድ ሰነድ አውጥታችሁ ክፈቱት። ለወራት በትጋት ሲቀዳ ቆይቶ ሲከፈት ባዶ የሆነ ሃርድ ዲስክ አይተናል፤ ቀጂው ሠራተኛ የቀዳው የሾርትከቱን ቀስት ነበር።

ኮምፒውተር ለጥገና ወደ ሱቅ ሲሄድም ይህን አስቡ። የተበላሸው ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ሃርድ ዲስኩ ተነቅሎ በጽሕፈት ቤቱ ይቅር። ከጥገና የተመለሰ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ያልጠየቅናቸውን ፕሮግራሞችና የይለፍ ቃል የሌለው አድሚኒስትሬተር ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ወደ ኔትወርኩ ከመመለሱ በፊት ንጹሕ ግልባጩ ይመለስበት። ጠጋኙ ክፉ ሰው ነው ማለታችን አይደለም። ሰውየው ቶሎ ሠርቶ ቶሎ ማስረከብ ነው ሥራው።

ወደየመጣችሁበት ስትመለሱ በጽሕፈት ቤታችሁ በየኮምፒውተሩ ተቀምጣችሁ፣ ዕለት ዕለት በምትሠሩበት አካውንት አንድ ፕሮግራም ለመጫን ሞክሩ። የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁ ሰርዛችሁ ውጡ። ሳይጠይቃችሁ «እሺ» ካለ ያ ኮምፒውተር ዛሬ ከነገርናችሁ ከአራቱ አንዱ ነው፤ ጻፉልንና እንምጣ። የጉዞ ወጪው ከኮሚሽኑ ነው፤ ከእናንተ የሚፈለገው የሠራተኞቹ አንድ ቀንና የሦስት ፈራሚዎች ስም ነው።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ በዚህ አዳራሽ ከእነዚያ አራት ኮምፒውተሮች አንዱን በፊታችሁ ሙሉ በሙሉ አጥፍተን ወደ ንጹሕ ሁኔታው እንመልሰዋለን። የዚያ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊም ከእኛ ጋር መጥታለች። ሥራውን የምትሠራው እርሷ ናት፤ እኛ ከጎን እንቆማለን።